ቀይን ከቀይ፣ ጥቁርን ከጥቁር ባገናኝ ብሬከሩ ለምን ወረደ? ስለ ኮርኒስ መብራትና ማራገቢያ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

የቀረበልኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው ባሕር ዳር ሽምብጥ አካባቢ በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተው ከቤተሰባቸው ጋር ይኖራሉ። የሚያዝያው ሙቀት ልጆቹን እንቅልፍ ስለ ነሳቸው መብራት ያለው የኮርኒስ ማራገቢያ ገዝተው፣ የሳሎኑን አምፖል አውርደው በቦታው ሊሰቅሉት ተነሡ። ከኮርኒሱ ቀዳዳ ሦስት ቀይና ሦስት ጥቁር ሽቦ ወጣ። የነበረውን አያያዝ ሳይመዘግቡ ሁሉንም ፈቱት፤ ከዚያም ቀዮቹን በአንድ፣ ጥቁሮቹን በአንድ ጠምዝዘው የድሮውን አምፖል ለሙከራ በሁለቱ መካከል አገናኙ። ብሬከሩን ሲያነሡ አምፖሉ ማብሪያው ሳይነካ በራ፤ ማብሪያውን ሲጫኑት ደግሞ ብሬከሩ ወዲያው ወረደ። ደግመው ሞከሩ፣ ያው ሆነ። “ማብሪያው ተበላሽቶ ይሆን? የማራገቢያው ሽቦዎች ጥቁር፣ ሰማያዊ፣ ነጭና አረንጓዴ ናቸው፤ የቱን ከየቱ ላገናኝ?” ብለው ይጠይቃሉ።

ወንድሜ፣ ማብሪያዎ አልተበላሸም፤ ብሬከሩም የወረደው ሥራውን ስለ ሠራ ነው። ከሁሉ አስቀድመው ብሬከሩን እንደ ወረደ ይተዉት፤ “እስቲ አንዴ ልሞክር” ብለው ደግመው አያንሡት። እንዲህ ያለ ቀጥተኛ ሾርት በተፈጠረ ቁጥር በማብሪያው ውስጥ የሚነካኩት ጫፎች በብልጭታ ይቃጠላሉ፣ ብሬከሩም ከውስጥ ይጎዳል፤ ሙከራው ከተደጋገመ ደኅና የነበረው ማብሪያ በእርግጥ ይበላሽና ችግሩ ሁለት ይሆናል።

የሆነውን ለመረዳት ሦስቱ ጥንድ ሽቦዎች ከየት እንደሚመጡና ወዴት እንደሚሄዱ ማወቅ ያስፈልጋል። ኮርኒሳቸው ቺፕውድ ወይም አቡጀዲ በሆነባቸው የከተማችን ቤቶች ደጋግሜ የማየው አያያዝ እንዲህ ነው፦ አንድ ቀይና አንድ ጥቁር ሽቦ ከብሬከሩ ተነሥተው በሞራሌው ላይ እየተያዙ እስከ መጀመሪያው ክፍል አምፖል ድረስ ይመጣሉ። ሌላ ጥንድ ከዚያው ተነሥቶ ወደሚቀጥለው ክፍል ያልፋል። ሦስተኛው ጥንድ በግድግዳው ወርዶ ማብሪያው ጋ ይደርሳል። ስድስቱም ጫፎች የሚገናኙት እርስዎ በከፈቱት ቀዳዳ ውስጥ ነው።

ወደ ማብሪያው ለሚወርደው ጥንድ ልዩ ትኩረት ይስጡት። ፌዝ የምንለው ኃይሉን ይዞ የሚመጣውን ሽቦ፣ ኒውትራል የምንለው ደግሞ ኤሌክትሪኩ በአምፖሉ ካለፈ በኋላ ወደ ምንጩ የሚሄድበትን ሽቦ ነው። ማብሪያ የሚፈልገው ኒውትራልን አይደለም፤ ፌዝን ተቀብሎ ሲጫኑት የሚያሳልፍ፣ ሲያጠፉት የሚያግድ በር ነው። ቀዩ ሽቦ ፌዙን ከኮርኒሱ ወደ ማብሪያው ያወርዳል፤ ጥቁሩ ያንኑ ፌዝ ከማብሪያው ወደ አምፖሉ ይዞ ይመለሳል። ስለዚህ ይህ ጥቁር ሽቦ በቀለሙ ኒውትራል ይመስላል፣ በሥራው ግን ፌዝ ነው። በዚህ ጽሑፍ “ተመላሽ” እለዋለሁ። እርስዎ ከመፍታትዎ በፊት ሦስቱ ቀዮች አምፖሉን ሳይነኩ እርስ በርሳቸው ብቻ ታስረው ነበር፤ ሁለቱ ጥቁሮች አንድ ላይ ሆነው ለአምፖሉ ኒውትራል ይሰጡ ነበር፤ ሦስተኛው ጥቁር፣ ተመላሹ፣ ብቻውን በአምፖሉ ሌላኛው ጫፍ ላይ ነበር። ለአምፖሉ የደረሱት ሽቦዎች ሁሉ ጥቁር ነበሩ ማለት ነው፤ ይህም ሥራውን የማያውቀውን ሰው ማሳሳቱ አይቀርም።

እርስዎ ሦስቱንም ጥቁሮች አንድ ላይ ሲጠመዝዙ ተመላሹን ከኒውትራል ጋር አሰሩት። አምፖሉን በቀዩና በጥቁሩ ቋጠሮ መካከል ሲያስገቡት ከቋሚው ፌዝና ከኒውትራል ጋር በቀጥታ ስለ ተገናኘ ማብሪያው ሳይጠየቅ በራ። ማብሪያውን ሲጫኑት ደግሞ ማብሪያው ፌዙን በተመላሹ በኩል ወደ ኒውትራሉ ቋጠሮ ላከው፤ በመካከል አምፖልም ሆነ ሌላ ጭነት ስለሌለ ይህ ፌዝንና ኒውትራልን በባዶ ሽቦ እንደ መግጠም ነው፤ ብሬከሩም ወረደ። ያዩዋቸው ሁለቱ ምልክቶች፣ ማለትም ማብሪያ ሳይነካ መብራትና ማብሪያ ሲነካ ብሬከር መውረድ፣ አንድ ላይ ከታዩ ሌላ ቦታ ከመፈለግዎ በፊት ተመላሹ ከኒውትራል ጋር መታሰሩን ይጠርጥሩ።

ወደ መፍትሔው ከመሄዴ በፊት ስለ ማጥፋት የምለው አለ፤ ከዚህ በታች ካለው ሁሉ ይልቅ ይህን ቢይዙልኝ እመርጣለሁ። በከተማችን ብዙ ሰው የኮርኒስ ሥራ የሚሠራው መብራት ሲሄድ ነው፤ “መብራት የለም፣ አሁን ይሻላል” ይላል። መብራት መሄድ ግን ማጥፋት አይደለም፤ ማንም ሳያስጠነቅቅዎ የሚመለስ ነገር ነው። ከብዙ ዓመት በፊት ጊዮርጊስ አካባቢ አንድ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ስንሠራ የሰፈሩ መብራት በሙሉ ሄዶ ስለ ነበር ብሬከሩን ማውረድ አላስታወስንም። ባልደረባዬ መሰላል ላይ ሆኖ ሁለት የተላጡ ጫፎች በጣቶቹ እንደ ያዘ መብራቱ መጣ። እጁ ተኮማትሮ ለአፍታ ያህል ሊለቅ አልቻለም፤ ከዚያ ወደ ኋላ ወደቀና አንጓው ተሰበረ። ሽቦውን ባስለቀቀው መውደቅ ነው የተረፈው። ከዚያን ቀን ወዲህ መብራት ኖረም አልኖረም ዋናውን ማጥፊያ በራሴ እጅ ሳላወርድ መሰላል አልወጣሁም።

በእርስዎ ግቢ ብሬከሩ ያለው በአከራይዎ ቤት ስለሆነ ጉዳዩ ከዚህም የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አከራይዎን እማማን አስፈቅደው ዋናውን ማጥፊያ ራስዎ ያውርዱት፤ በላዩ ላይ ፕላስተር ለጥፈው “ሰው እየሠራ ነው፣ አይነሣ” ብለው ይጻፉበት፤ ለቤቱ ሰው ሁሉ፣ ለልጆችም ጭምር፣ በቃል ይንገሩ። እንጀራ ሊጋገር ሲል ምጣዱ አልሠራ ሲል ሰው በቅንነት ሄዶ ብሬከሩን ያነሣዋል። የመብራቱን ብሬከር ብቻ ከማውረድ ዋናውን ማውረድ የምመክርበት ምክንያትም አለ፦ ትንንሾቹ ብሬከሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚቆርጡት ፌዙን ብቻ ነው፤ በተከራይ ግቢ ደግሞ የአንዱ ክፍል ኒውትራል ከሌላው ክፍል ጋር ተጋርቶ ማግኘቴ ብርቅ አይደለም፤ እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ የእርስዎ ብሬከር ወርዶም ኒውትራሉን ሲፈቱት የጎረቤት ፍሪጅ ኃይል በጣትዎ ሊያልፍ ይችላል። ግቢው ውስጥ ጄኔሬተር ወይም ባትሪ ያለው ኢንቨርተር ካለ እሱም ይጥፋ። ከቆጣሪው ወዲያ ያለው የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ድርሻ ስለሆነ የቆጣሪውን ማኅተም ማንም አይንካ።

ማጥፋት ብቻውን አይበቃም፤ መጥፋቱ መረጋገጥ አለበት። ካቻቢቴ የሚመስለው ባለ ትንሽ መብራት ቴስተር ጠቃሚ መሣሪያ ነው፣ ነገር ግን “ኃይል የለም” ለማለት ምስክር አይሆንም። የሚበራው በጣም ጥቂት ኤሌክትሪክ በእርስዎ ሰውነት በኩል ወደ መሬት ሲያልፍ ነው፤ በደረቅ የእንጨት መሰላል ላይ ከቆሙ ላይበራ ይችላል፣ በቀን ብርሃን ቢበራም ላይታይ ይችላል፣ አንዳንዴም ከጎኑ ካለው ሽቦ በሚተላለፍ ተጽዕኖ ኃይል የሌለበት ሽቦ ላይ ይፈዝዛል። መልቲሜትር ይጠቀሙ፤ ወደ ኤሲ ቮልት፣ ከ220 በላይ ወደሚያነበው ደረጃ ያዙሩት። መልቲሜትሩ ራሱ እንደሚሠራ ለማወቅ ዋናው ከመውረዱ በፊት አንድ ሶኬት ላይ ይሞክሩት፤ ከዚያ ዋናውን አውርደው ስድስቱን ጫፎች በየጥንዱ ይለኩ፤ በመጨረሻም መሣሪያውን ኃይል እንዳለው በምታውቁት ሌላ ምንጭ፣ ለምሳሌ በጎረቤት ሶኬት፣ መልሰው ይሞክሩት። በመካከሉ ባትሪው አልቆ ወይም ገመዱ ተበጥሶ ከሆነ “ዜሮ” ያነበበው ሐሰት ነው።

አሁን ስድስቱን ሽቦዎች እንለይ። ደስ የሚለው፣ ይህን ኃይል ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ሳለ ማድረግ ይቻላል። የጠመዘዟቸውን ሁሉ ይፍቱ፤ ጫፎቹ እንዳይነካኩ ያራርቋቸው። በኮርኒሱ ቀዳዳ በኩል ሲያዩ የትኛው ቀይ ከየትኛው ጥቁር ጋር አብሮ እንደመጣ ይታያል፤ ጥንዶቹን በወረቀት ፕላስተር አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው ምልክት ያድርጉባቸው። በሚቀጥሉት ክፍሎች ያሉትን ማብሪያዎች ሁሉ ያጥፉ፣ ከሶኬት ላይ የተሰካም ነገር ይነቀል። መልቲሜትሩን ሽቦ ሲገናኝ ድምፅ ወደሚያሰማው ምልክት ያዙሩትና ሁለቱን መርፌዎች በአንደኛው ጥንድ ቀይና ጥቁር ላይ ያስይዙ፤ ሌላ ሰው የሳሎኑን ማብሪያ ያብራ፣ ያጥፋ፣ ደግሞ ያብራ። ማብሪያው ሲበራ የሚጮኽ፣ ሲጠፋ ዝም የሚል ጥንድ ወደ ማብሪያው የሚወርደው ነው። በሁለቱም ጊዜ የሚጮኽ ወይም በሁለቱም ጊዜ ዝም የሚል ጥንድ አይደለም፤ ዘወትር የሚጮኸው በሌላ ክፍል ያልጠፋ አምፖል ወይም ያልተነቀለ ዕቃ አለ ማለት ሊሆን ይችላል። ከማብሪያው ጋር አብሮ መለዋወጡ ነው ማስረጃው።

የማብሪያው ጥንድ ከታወቀ በኋላ ቀሪዎቹ ሁለቱ፣ የትኛው መጪ የትኛው ሂያጅ እንደሆነ መለየት ለአያያዙ ለውጥ አያመጣም፤ ቀዩ ከቀዩ፣ ጥቁሩ ከጥቁሩ ጋር ይታሰራሉና። የማብሪያው ጥንድ ቀይ ከሁለቱ ቀዮች ጋር ይጨመራል። የማብሪያው ጥንድ ጥቁር ብቻውን ይቀራል፤ ከሌሎቹ ጥቁሮች ጋር ፈጽሞ አይገናኝም። ይህንን ሽቦ ለይተው እንዳወቁ በጫፉ ላይ ቀይ ፕላስተር ይጠቅልሉበት፤ ከእርስዎ በኋላ ቀዳዳውን የሚከፍተው ሰው እርስዎ የወደቁበት ጉድጓድ ውስጥ እንዳይወድቅ የሚያደርገው ይህ ትንሽ ፕላስተር ነው። ከሰባ ሳንቲም ርቀት ላይ ሆኖ በባትሪ ብርሃን ሲታይ አሮጌ ቀይ ሽቦ አቧራና ጭስ ጠጥቶ ቡናማ፣ አሮጌ ጥቁርም ከላዩ አመድ ለብሶ ግራጫ መስሎ ይገኛልና በጨርቅ ጠርገው ሳያዩ አይወስኑ።

እዚህ ላይ የማራገቢያው ሽቦዎች ቀለም ለምን ከግድግዳዎ ጋር እንደማይስማማ ማስረዳት ይገባኛል፤ ምክንያቱም ሁለተኛው ወጥመድ ያለው እዚሁ ነው። ቀለም የሀገር ደንብ እንጂ የኤሌክትሪክ ጠባይ አይደለም። ቀይ ፌዝ፣ ጥቁር ኒውትራል የሚለው የብሪታንያ የድሮ ደንብ ሲሆን እዚያው ሀገር እ.ኤ.አ. በ2004 ተለውጦ ከ2006 ጀምሮ አዲስ ሥራ ሁሉ ቡናማ ፌዝ፣ ሰማያዊ ኒውትራል፣ አረንጓዴና ቢጫ የተቀላቀለበት የምድር ሽቦ (የዕቃውን ብረት ከመሬት ጋር የሚያያይዘው) ሆኗል። ሕንድ ቀይና ጥቁር ትጠቀማለች። በቻይና ኒውትራል ቀላል ሰማያዊ ነው፣ ፌዝ ደግሞ ቢጫ፣ አረንጓዴ ወይም ቀይ ሊሆን ይችላል። በአሜሪካ ጥቁር ፌዝ ነው፣ ነጭ ኒውትራል ነው፣ አረንጓዴ የምድር ሽቦ ነው። ገበያችን ከሁሉም ስለሚያመጣ በአንድ ቤት ውስጥ የሦስት ሀገር ደንብ ተቀላቅሎ ይገኛል።

እርስዎ የዘረዘሯቸው ቀለሞች የአሜሪካን ልማድ የተከተለ ማራገቢያ ያመለክታሉ። በዚህ ልማድ ጥቁሩ ለማራገቢያው ሞተር የሚገባው ፌዝ፣ ሰማያዊው ለማራገቢያው አምፖል የሚገባው ፌዝ፣ ነጩ የሁለቱ የጋራ ኒውትራል፣ አረንጓዴው የምድር ሽቦ ነው። ሰማያዊን ኒውትራል ነው ብሎ የለመደ ሰው ይህን ሰማያዊ ከኒውትራል ጋር ቢያስር መብራቱ አይሠራም፤ ጥቁሩን “ጥቁር ነውና” ብሎ ከጥቁሮቹ ጋር ቢያስር ደግሞ ሞተሩ አይዞርም፣ ወይም ከዚያ የከፋ ስህተት ይከተላል። ስለዚህ በሳጥኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት ይፈልጉና ንድፉ ከዚህ ጋር መስማማቱን ያረጋግጡ፤ ወረቀቱ ሌላ ካለ ወረቀቱ ይበልጣል።

ከዚያ በፊት ግን በሞተሩ ቆብ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ያንብቡ። 220 ወይም 220–240 ቮልት፣ 50 ኸርዝ የሚል ከሆነ ለእኛ ሀገር የተሠራ ነው፤ የቀለሙ ልማድ አሜሪካዊ መሆኑ ችግር የለውም። 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ የሚል ከሆነ ከውጭ ዘመድ በፍቅር የላከው ቢሆንም እባክዎ አይስቀሉት። በ220 ቮልት ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል። ቮልት ማውረጃ ትራንስፎርመር ቢገጠምለትም ድግግሞሹ ከ60 ወደ 50 ስለሚወርድ በዝግታ ይዞራል፣ ያጉረመርማል፣ ከታሰበለት በላይ ይሞቃል፤ እንደዚህ የሚሞቅ ነገር ደግሞ በደረቅ ቺፕውድና በቆርቆሮ መካከል ሌሊቱን ሙሉ እንዲሠራ አልፈቅድም። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ያለው ከሆነ ግን ይሠራል።

አያያዙ እንግዲህ እንዲህ ይሆናል። ሦስቱ ቀዮች እርስ በርሳቸው ይታሰራሉ፤ ማራገቢያውን አይነኩም። ሁለቱ ጥቁሮች ከማራገቢያው ነጭ ጋር ይታሰራሉ። ተመላሹ፣ ቀይ ፕላስተር ያደረጉበት ጥቁር፣ ከማራገቢያው ጥቁርና ሰማያዊ ጋር አንድ ላይ ይታሰራል። እንዲህ ሲሆን አንዱ የግድግዳ ማብሪያ ለሁለቱም ኃይል ይሰጣል፤ መብራቱንና ሞተሩን ለየብቻ የሚያዙት ከማራገቢያው በተንጠለጠሉት ገመዶች ወይም በሪሞቱ ይሆናል። ለየብቻ ከግድግዳ ማዘዝ ከፈለጉ ወደ ማብሪያው አንድ ተጨማሪ ሽቦ መውረድ አለበት፤ ይህ ግድግዳ መክፈት ስለሚጠይቅ እማማን ማስፈቀድ ይኖርብዎታል። ሪሞት ያለው ከሆነ ደግሞ ተመላሹና ኒውትራሉ መጀመሪያ ወደ ሪሞቱ መቀበያ ይገባሉ።

ሽቦዎቹን በጣት ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል በቂ አይደለም። የኮርኒሱ ውስጥ በሚያዝያ እኩለ ቀን እንደ ምድጃ ነው፤ የፕላስተሩ ሙጫ ቀልጦ ይንሸራተትና ቋጠሮው ባዶውን ይቀራል። ከሐይቁ የሚመጣው እርጥበት ደግሞ የላላውን መዳብ አረንጓዴ ያደርገዋል፤ የላላ ቋጠሮ ይሞቃል፣ የሞቀ ቋጠሮ ይበልጥ ይላላል። በብሎን የሚጠብቁ ማያያዣዎች ይግዙ፤ ውድ አይደሉም። እያንዳንዱን ሽቦ ካጠበቁ በኋላ አንድ በአንድ ይጎትቱት፤ የሚወጣ ከሆነ አልተያዘም። ማያያዣዎቹ በፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ይሁኑ እንጂ በእንጨቱ ላይ ተጋልጠው አይቅሩ። ሽቦውን ሲያጥፉት ሽፋኑ የሚሰነጠቅ ከሆነ ወይም አይጥ የቆረጠመው ቦታ ካለ እስከ ደኅናው ድረስ ተቆርጦ ይቀየር። ለመብራት መስመር 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ በ10 አምፔር ብሬከር ይበቃል፤ የተለመደ የኮርኒስ ማራገቢያ ከ50 እስከ 80 ዋት ስለሆነ ከግማሽ አምፔር በታች ነው የሚወስደው፤ አሮጌውን መስመር የሚያስጨንቀው የማራገቢያው ኤሌክትሪክ አይደለም።

አረንጓዴው ሽቦ ይቀረናል፤ በእርስዎ ቀዳዳ ውስጥ የምድር ሽቦ የለም። አንዳንድ ሠራተኞች “ያው ነው” ብለው አረንጓዴውን ከኒውትራል ጋር ያስሩታል። ይህ ሰው የሚገድል ስህተት ነው፤ ቃሉን በጥንቃቄ መርጬ ነው የምለው። ኒውትራሉ ከቦታው ላይ ቢላላ ወይም ቢበጠስ፣ በሞተሩና በአምፖሉ በኩል የሚያልፈው ፌዝ መመለሻ አጥቶ በአረንጓዴው በኩል በማራገቢያው ብረት ላይ ይቆማል፤ ማራገቢያው መሥራት ያቆማል፣ ሰው “ተበላሸ” ብሎ ገመዱን ሊስብ ወይም ክንፉን ሊነካ እጁን ይዘረጋል። ከውኃ ቧንቧም ጋር አይታሰርም፤ ቧንቧው በመካከል ፕላስቲክ ከሆነ ሌላ ቤት ያለ ሰው ገላውን ሲታጠብ ሊያገኘው ይችላል።

ትክክለኛው መንገድ ብሬከሮቹ ካሉበት ማከፋፈያ እስከ ማራገቢያው አረንጓዴ-ቢጫ ሽቦ መዘርጋትና በመሬት የተቀበረ የመዳብ ዘንግ ላይ ማሰር ነው። የባሕር ዳር መሬት ለዚህ ሥራ ሁለት ገጽ አለው። በሐይቁ ዳር ጭቃማው አፈር ክረምት ላይ እርጥብ ስለሆነ ኤሌክትሪክን በደንብ ይቀበላል፤ በበጋ ግን ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ከዘንጉም ይላቀቃል። በነሐሴ ተለክቶ ጥሩ የነበረ የምድር ዘንግ በመጋቢት ደካማ ሆኖ ስለሚገኝ መለካት ያለበት በደረቁ ወራት ነው። ሌላው ገጽ ባልጩት የመሰለው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ብዙ ሰፈር ዘንጉ ጥቂት ከገባ በኋላ አልገባም ይላል። ያኔ ዘንጉን ቆርጦ ማሳጠር ማታለል ነው፤ ቦታ ይቀየር፣ ወይም ሁለት ዘንጎች ተራርቀው ይተከሉና ይያያዙ። የልብስ ማጠቢያው ውኃ የሚፈስበት የግቢ ጥግ ጥሩ ቦታ ይሆናል። ይህ እስኪሆን ድረስ አረንጓዴውን ጫፉን ሸፍነው ይተዉት፤ ማራገቢያውንም ቆሞ እጅ የሚደርስበት ዝቅታ ላይ አይስቀሉት።

ከዚሁ ጋር እማማን አንድ ነገር ያግባቡልኝ። 10 አምፔር ብሬከር ሽቦን ከመቃጠል ይጠብቃል እንጂ ሰውን አይጠብቅም፤ የሰው ልብ ከ0.03 አምፔር በላይ ሲያልፍበት አደጋ ላይ ይወድቃል፣ ብሬከሩ ደግሞ ከዚያ 300 እጥፍ የሚበልጠውን ዝም ብሎ ያሳልፋል። በሄደውና በተመለሰው መካከል የ30 ሚሊ አምፔር ልዩነት ሲያይ ወዲያው የሚቆርጠው አርሲዲ የሚባለው መሣሪያ ነው። በማከፋፈያው ላይ አንድ ቢገጠም ለግቢው ተከራይ ሁሉ፣ ለልጆቹም፣ ጥበቃ ነው። በላዩ ያለችውን የመሞከሪያ ቁልፍ በየጥቂት ወሩ መጫን ይገባል።

ስለ መስቀያው። አምፖል የያዘው ቦታ ማራገቢያ አይይዝም። ማራገቢያው ከአራት እስከ ስምንት ኪሎ ይመዝናል፤ ክብደቱ ብቻ ሳይሆን ሌሊቱን ሙሉ የሚንቀጠቀጥ መሆኑ ነው ምስማርን የሚነቅለው። ቺፕውድ ላይ ብሎን ማሰር ከንቱ ነው። ኮርኒሱን በላይ በኩል ገብተው በሁለት የጣሪያ እንጨቶች መካከል አንድ ወፍራም ሞራሌ ያጋድሙ፤ በምስማር ሳይሆን ወዲያ በሚያልፍ ቦሎንና ዳዶ ያጥብቁት፤ መንጠቆው በዚህ ሞራሌ መካከል ያልፋል። ዋናው መንጠቆ ቢከዳ የሚይዝ አጭር የብረት ገመድ ለብቻው ወደ ጣሪያው እንጨት ይታሰርለት። ክንፎቹ ከወለሉ ቢያንስ 2.3 ሜትር ከፍ ማለት አለባቸው፤ የጭቃ ቤት ኮርኒስ ዝቅ ስለሚል ሳይገዙ መለካት ይሻል ነበር፣ አሁንም ግን ሳይሰቅሉ ይለኩ። ካልበቃ ያለው አማራጭ የግድግዳ ወይም የቁም ማራገቢያ ነው። ከኮርኒሱ በላይ የሚገቡት በማለዳ፣ ቆርቆሮው ሳይግል ይሁን፤ ላብ የነከረው ቆዳ ኤሌክትሪክን በቀላሉ ያሳልፋል። ደመናው ከሐይቁ ላይ ጥቁር ብሎ ሲነሣና ነጎድጓድ ሲሰማ ደግሞ ሥራው ይቁም፤ ከቆርቆሮ በታች ሽቦ ይዞ መቀመጥ በዚያን ሰዓት አይገባም።

የመብራት ማደብዘዣ፣ ዲመር የሚባለውን፣ ለማራገቢያው ፍጥነት አይጠቀሙበት፤ ሞተሩን ያስጮኸዋል፣ ያሞቀዋል። ፍጥነት መቀነሻው ከማራገቢያው ጋር የመጣው ወይም ለማራገቢያ የተሠራው ይሁን። ተሰቅሎ በእጅ ካልገፉት የማይነሣ ከሆነ በቆቡ ውስጥ ያለው፣ ሞተሩን ለማስነሣት የሚረዳው ካፓሲተር ደክሟል፤ የሚቀየረው በላዩ በተጻፈው ተመሳሳይ ቁጥር ነው፣ ሲነካም ኃይል ይዞ ሊቆይ ስለሚችል ባለሙያ ያውጣው።

መለየቱን እርስዎ ቢያደርጉትም፣ የመጨረሻውን ማሰርና ከኃይል ጋር የሚደረገውን ልኬት የብቃት ማረጋገጫ ያለው ኤሌክትሪሺያን እንዲሠራው እለምንዎታለሁ። ከእሱ አንድ ልኬት ይጠይቁ፦ ማብሪያው ጠፍቶ ሳለ በተመላሹና በምድር መካከል ኃይል መኖር የለበትም። ካለ የቤቱ ማብሪያ የሚቆርጠው ፌዙን ሳይሆን ኒውትራሉን ነው፤ አምፖሉ ጠፍቶም የአምፖሉ መያዣ ኃይል አለው ማለት ነው። ማብሪያው ጠፍቶ ሳለ ኤልኢዲ አምፖል በሌሊት እንደ እሳት ትል ፍዝ ብሎ የሚበራባቸው ቤቶች አንዳንዶቹ ይህ ችግር ያለባቸው ናቸው፤ ሌሎቹ ደግሞ ሽቦዎቹ ረጅም መንገድ ጎን ለጎን በመሄዳቸው ብቻ ነው፤ የሚለየው ልኬቱ ነው።

ሁሉም ከተጠናቀቀ በኋላ በመጀመሪያው ቀን ማራገቢያውን በዝቅተኛው ፍጥነት ለግማሽ ሰዓት ያስዙሩትና ከስሩ ሳይቀመጡ ይመልከቱት፤ የሚወዛወዝ ከሆነ ክንፎቹ እኩል አልተጠበቁም። በሳምንቱ ዋናውን አውርደው የመንጠቆውን ዳዶ እንደገና ያጥብቁ። የጣሪያዎ እንጨት የባሕር ዛፍ ከሆነ ሲደርቅ ስለሚከሳ ዛሬ የጠበቀው ዳዶ ይላላል፤ ስለዚህ በሚቀጥለው ዓመት የካቲት ላይ፣ ሙቀቱ ሳይመጣ፣ አንድ ጊዜ ደግመው ይፈትሹት።